ዳኛው የተጠራጠረ እንደሆነ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 51 ለዳኛ የሚሰጠው ትእዛዝ ከጥርጣሬ ይነሣል። ተከሳሹ ለድርጊቱ ኀላፊ መሆን አለመሆኑ፣ በሙሉም ይሁን በከፊል፣ ካጠራጠረ ፍርድ ቤቱ የልዩ አዋቂ አስተያየት መቀበል አለበት። ሕጉ በዚህ ሳያበቃ ጥርጣሬ ሊያነሡ የሚገባቸውን ምልክቶች ይጠቁማል፦ አእምሮው የታወከ የሚመስል፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ መስማትና መናገር የተሳነው፣ መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ለረጅም ጊዜ የመረዘው ሰው። እነዚህን ለማስተዋል የሕክምና ትምህርት አያሻም። ከመዝገቡ ላይ ቀና ብሎ ተከሳሹን የሚያይ፣ ሲናገርም የሚያዳምጥ ዳኛ ይበቃል። ሐኪሙ የሚጠራው ከዚያ ወዲያ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል እንደ ቀላል ነገር አላየውም። የዳኛው ማስተዋል ይቀድማል፤ የሐኪሙ ዕውቀት ይከተላል። በሌላው ዓለም፣ በተለይ በአሜሪካ፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ተከሳሾች ብቻ የሚያዩ ልዩ ፍርድ ቤቶች ሲቋቋሙ ግን ነገሩ በአመዛኙ ተገልብጧል፤ መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት፣ ከዚያ የዳኛ ደጃፍ። በእነዚህ ችሎቶች ፊት መቅረብ የሚገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከተነሣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁንም ያከራክራል። እኔ ጥያቄውን አሶሳ ወስጄ መጠየቅ እፈልጋለሁ። እዚያ ሲደርስ መልኩ ይለወጣልና።

በመጀመሪያ ግን ወደ መነሻው። በፍሎሪዳ ግዛት በብሮዋርድ አውራጃ በሞተር ብስክሌት አደጋ ጭንቅላቱ ተጎድቶ አእምሮው የታወከ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አንዲት አዛውንት ገፍትሮ ጣለ፤ ሴትዮዋም ሞቱ። ያ ጉዳይ የአካባቢውን የአእምሮ ሕክምና ሥርዓት ጉድለት አደባባይ አወጣው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ዳኛ ጂንጀር ለርነር-ሬን የሚያስችሉበት የመጀመሪያው የአእምሮ ጤና ፍርድ ቤት ሥራ ጀመረ። ዛሬ በዚያ አገር እንዲህ ያሉት ፍርድ ቤቶች ከ300 በላይ ናቸው። የሚገርመው ግን ሰው በሞተበት ጉዳይ ምክንያት የታሰበው ችሎት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ደጁን ዘግቶ መጀመሩ ነው። የተቀበለው በቀላል ወንጀል የተከሰሱትን ነበር፤ በድብደባ የተከሰሰ ሰው እንኳ የሚገባው ተበዳዩ ከፈቀደለት ነው። በኋላ የተከፈቱት አንዳንዶቹ ከበድ ያለውንም ማየት ጀምረዋል። ሆኖም በየበሩ የሚጠየቀው ይመሳሰላል፦ በሐኪም የታወቀ ከባድ የአእምሮ ሕመም መኖሩ፣ ክሱ በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ያላደረሰ መሆኑ፣ ተከሳሹ በፈቃዱ መምጣቱ። ጥፋቱን አስቀድሞ እንዲያምን የሚጠይቁም አሉ።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ምድር ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገውና ሌላውም ከእነርሱ ጋር ይኖራል። ዓባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አሶሳና ካማሺ ከወንዙ ወዲህ፣ መተከል ከወንዙ ወዲያ። እንበልና ከባምባሲ ወይም ከመንጌ ገጠር አንድ ሰው ታመመ። የጎረቤቱን ማሽላ አበላሸ፣ ገበያ መካከል ሰው ሰደበ፣ የሰው ዕቃ ይዞ ሄደ። ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርሰው ማነው? ዘመድ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ዐቃቤ ሕግ እጅ የሚገባው ሽማግሌም ዘመድም ሊሸከሙት ያልቻሉት ነው፦ የሰው ሕይወት የጠፋበት፣ ቤት የተቃጠለበት፣ አካል የጎደለበት። እንግዲህ የብሮዋርድን መስፈርት እንዳለ አምጥተን አሶሳ ላይ ብናኖረው ችሎቱ ተከሳሽ የሌለው ችሎት ይሆናል። ቀላሉን ጥፋት ማኅበረሰቡ ቀድሞ ወስዶታል፤ ከባዱን ደግሞ መስፈርቱ አይቀበለውም።

ማኅበረሰቡ የሚሸከመው ግን ሁልጊዜ በፍቅር ብቻ አይደለም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተመራማሪዎች የአእምሮ ሕሙማን ካሏቸው ቤተሰቦች ጋር ተቀምጠው ሲነጋገሩ የገለጹት ነገር አለ፤ ልጁን በሰንሰለት የሚያስር አባት የሚያስረው ጠልቶት ሳይሆን ሌላ ምንም አማራጭ ስላጣ ነው። ሌሊት ከቤት ወጥቶ ጅብ እንዳይበላው፣ የሰው ቤት እንዳያቃጥል፣ ሰው እንዳይገድለው። በሶዶ የተባለው በቤኒሻንጉሏ ኩርሙክም ሊባል ይችላል። የሰንሰለቱ ቁልፍ በአባት እጅ እስካለ ድረስ ፍርድ ቤት አያውቀውም፤ ችሎት የሚሰማው ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዕለት ነው። ለዚህም ነው ክሱ ከባድ መሆኑ በራሱ ተከሳሹን ከልዩ አያያዝ ሊያወጣው አይገባም የምለው። የክሱ ክብደት በብዙው የሚያሳየን ሕመሙ ምን ያህል ዘመን ያለ ሕክምና እንደቆየ ነው። የሟች ቤተሰብ ኀዘን በዚህ አይቀልም፤ ይህን ስጽፍም እነርሱን አልረሳሁም። ግን ኀዘናቸውን የሚመልስ ፍርድ የለም፤ ሁለተኛ ቤት እንዳያዝን ሊያደርግ የሚችል ፍርድ ግን አለ።

የሐኪሙን ወረቀት በተመለከተ ደግሞ የሚታየው የመንገድ ጉዳይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ ፍርድ ቤቶች የሚያጠራጥራቸውን ተከሳሽ ለምርመራ ሲልኩ የኖሩትም ወደዚያው ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በመንዲ፣ በጊምቢና በነቀምቴ ያልፋል፤ ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ደጋግሞ ተዘግቷል። የመተከሉ ሰው በቻግኒ በኩል በጎጃም ይወጣል፤ ያም መንገድ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሰላም አላገኘም። ታሳሪው አጃቢ ፖሊስ፣ መኪና፣ የአበል በጀት ይጠብቃል። ሲደርስ ወረፋ ይጠብቃል።

ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ ስለ አንዲት ሰዓት ነው። አንቀጽ 48 የሚለው ሰውዬው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የሚያደርገውን ወይም ውጤቱን መረዳት፣ በተረዳውም መሠረት ራሱን መግዛት ይችል ነበር ወይ ነው። አንቀጽ 49 መካከለኛውን ሰው ያያል፤ በከፊል የተረዳውን፣ በከፊል ራሱን የገዛውን፤ ለእርሱም ዳኛው ቅጣቱን በነጻነት ሊያቀልለት ይችላል። ይህ አሳብ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ባረቀቀው የ1949 ዓ.ም. ሕግም ነበረ፤ የ1996ቱም ጠብቆት ቆይቷል። ያቺን ሰዓት ሐኪሙ የሚያያት ግን ከወራት በኋላ ነው። በመካከሉ ሕመሙ ጋብ ሊል ይችላል፤ ወይም እስር ቤቱ ሌላ ሕመም ሊጨምር ይችላል። ያቺን ሰዓት በትክክል የሚያስታውሷት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፦ ከሁለት ሳምንት በፊት እንቅልፍ እንዳጣ፣ ብቻውን ሲያወራ እንደከረመ፣ ምግብ ላይ መርዝ አለ እያለ እንዳልበላ የሚያውቁ። አንቀጽ 51 ዳኛው ስለ ተከሳሹ ጠባይ፣ ስላለፈ ሕይወቱና ስለ ኑሮው ሁኔታ ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል። ይህ ሥልጣን ከአዲስ አበባው ምርመራ ባልተናነሰ ሁኔታ ዋጋ አለው፤ ለዚህም 650 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ ጎረቤቱን፣ ዱዓ ያደረጉለትን ሼክ፣ ጠበል የወሰደችውን እናት መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አስተርጓሚ ልቆይ፤ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ተከሳሹ ግን በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ ወይም በኮሞ ቋንቋ የሚያስብ ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በማይገባው ቋንቋ ለሚከሰስ ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል፤ ይህ ትልቅ መብት ነው። ነገር ግን ጥሩ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል? የተሰበረውን ዓረፍተ ነገር ይጠግናል፣ የተደጋገመውን ያሳጥራል፣ ከጥያቄው የወጣውን መልስ ወደ ጥያቄው ይመልሳል። ጠባዩ ነው፤ በደግነት ያደርገዋል። የአእምሮ ሐኪም የሚፈልገው ግን ያንን ስብራት ነው። አሳቡ ከአሳብ አልያያዝ ማለቱ፣ ቃል መደጋገሙ፣ ለጥያቄው ያልሆነ መልስ መስጠቱ ራሱ ምልክቱ ነው። አስተርጓሚው ሲጨርስ ሐኪሙ ፊት የቆመው ጤነኛ ሰው ይመስላል። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ በራሱ ቋንቋ ስለ መናፍስት ወይም ስለ ሟች አያቱ የተናገረው፣ በመንደሩ ማንም የማይደነቅበት ንግግር፣ በአማርኛ ሲገለበጥ እብደት ሊመስል ይችላል። አንድን ሰው ለልዩ ችሎት የሚያበቃው ወይም የሚያስቀረው ስለዚህ በብዙው በመካከል ያለው ሰው ነው። ስሙ በመዝገቡ ከአንድ መስመር በላይ አይጻፍም። እንዲህ ላለው ምርመራ አስተርጓሚ ሲመደብ «እንዳለ አስተላልፍ፣ አታስተካክል፣ ያልገባህን አልገባኝም በል» ተብሎ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ወዲያ ደግሞ መግባቱ ራሱ ጥቅም ነው ወይ የሚለው ይመጣል። ሕጉ ኀላፊነት የሌለውን ሰው አይቀጣም፤ ግን ሊያስቀምጠው ይችላል። ለሕዝብ ወይም አብረውት ለሚኖሩ አደገኛ ከሆነ ተስማሚ በሆነ ተቋም እንዲቆይ ፍርድ ቤቱ ያዝዛል፤ አደገኛ ካልሆነ ግን ሕክምና እንዲከታተል ሊያዝዝ ይችላል። መቆያው የተወሰነ ዘመን የለውም፤ ምክንያቱ ሲቀር ይቆማል፣ በየ2 ዓመቱም ውሳኔው እንደገና ይታያል። በወረቀት ላይ ሰብዓዊ ነው። ነገር ግን በስድስት ወር እስራት የሚያበቃ ክስ ያለበት ሰው ጠበቃ ምን ይመክራል? ልኩ ወዳልታወቀ መቆያ ከመላክ ዝም ብሎ ቢፈረድበት ይሻላል ሊል ይችላል፤ ደንበኛውን ይጎዳል ብዬም ልወቅሰው አልችልም። ክልሉ የራሱ የአእምሮ ሆስፒታል ስለሌለው «ተስማሚ ተቋም» የሚለው ቃል ሩቅ አገር ይጠቁማል፤ ያ ካልተገኘ ደግሞ ማረሚያ ቤቱ ራሱ ተቋም ሆኖ ይቀራል። የሚለቀቅበትን ቀን የሚወስነው ወገን ላይም የቆየ ፍርሃት ይጫናል። እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው የሚል ተረት ያሳደገው ማኅበረሰብ ነን። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ እየወሰደ ለዓመታት በሰላም ያረሰ፣ ልጆቹን ያሳደገ ሰው በየወረዳው እያለ ተረቱ አሁንም መልቀቂያውን በሚወስኑት ሰዎች ስብሰባ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የሚገባው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ እንዴት ይወጣል የሚለውን አስቀድሞ መመለስ አለበት። መውጫው ያልታየ በር በፈቃዱ ሊገባበት የሚችል ሰው የለም።

የባህሉስ ዳኝነት? የሺናሻ ኔሞ፣ የጉሙዝ ማንጊማ ከመንግሥት ፍርድ ቤት በፊት የነበሩ ናቸው፤ ዛሬም ይሠራሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ፣ ለባህልና ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ቦታ ሰጥቷል፤ ወንጀሉን ግን አልሰጣቸውም። ሆኖም በተግባር ደም የፈሰሰበትን ነገር የሚያቆመው የእነርሱ እርቅ ነው። በደም ጉዳይ ባለዕዳው ጎሣው ነው፤ ካሣውንም ጎሣው ይሸከማል። ከዚህ አንጻር የገዳዩ አእምሮ በዚያች ሰዓት ጤነኛ ነበር አልነበረም የሚለው ዋና ጥያቄ አይሆንም። ለታማሚው ይህ በረከት ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን አይቆምም፣ ሕመሙን ማስመስከር አይጠበቅበትም። አደጋው ግን በዚያው ውስጥ አለ፤ ዕዳው የጎሣ ከሆነ በቀሉም በጎሣው ላይ ሊዞር ይችላል፣ ታማሚው ያላወቀውን ሌላው ንጹሕ በሕይወቱ ሊከፍለው ይችላል። ታማሚውም ካሣው ከተከፈለ በኋላ ሕክምና ሳያገኝ ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል። ባህሉ ሰላም ያወርዳል፣ ሕጉ ሰውዬውን ያያል፤ ሁለቱን በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ያገናኘ አሠራር ቢኖር እመኛለሁ። ሽማግሌዎቹ እርቁን ሲያወርዱ የመርፌውን ቀን ማን እንደሚያስታውስ፣ ሐኪም ቤት ማን እንደሚወስደው እዚያው ቢስማሙ፣ የቃላቸውም ቅጂ ዳኛው ዘንድ ቢደርስ።

መተከልን ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል፤ በዚያ ዘመን የሆነው ይህ ብቻ አልነበረም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያሳደዳቸው በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። እንዲህ ባለ ምድር «የታመመ» እና «ያልታመመ» ብሎ ሰውን ለሁለት መክፈል በጣም አስቸጋሪ ነው። ቤተሰቡ ፊቱ የታረደበት ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሊት በቅዠት ተነሥቶ ጎረቤቱን ቢመታ አንቀጽ 49 ያየው ይሆን? ወይስ ሁሉም አዝኗል፣ ሁሉም ተጎድቷል ተብሎ ይታለፋል? በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለከባድ ጥሰቶች ልዩ የፍርድ አካል ያስባል። ለታላላቅ ወንጀሎች ልዩ ችሎት ማሰብ የቻለ አገር ለእነዚያ ዓመታት ቁስለኞችም ማሰብ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የፈቃዱን ነገር እስካሁን ያዘገየሁት መልስ ስለከበደኝ ነው። ተከሳሹ በነጻ ፈቃዱ ሕክምናውንና የችሎቱን ክትትል መቀበል አለበት ይባላል። እሺ የሚለው ግን ማነው? ስለ አእምሮው ጥርጣሬ ያደረብን ያው ሰው ነው። እሺ ካለ ሕመሙ እሺ አሰኝቶት ይሆን ብለን እንጠራጠራለን፤ እምቢ ካለ ደግሞ እምቢታውን የሕመሙ ምልክት እናደርገዋለን። ከዚህ የምወጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ፈቃድን በአንድ ቀን የሚፈረም ወረቀት ማድረግ እንተው። ሰው ሲታመም በአንድ ጊዜ ሁሉንም አያጣም። መርፌውን እምቢ ብሎ እህቱ እንድትጠይቀው የሚፈልግ፣ ሆስፒታል ፈርቶ ነርሷ ቤቱ ብትመጣ የሚቀበል አለ። ጥያቄው በየጊዜው፣ በትንንሹ፣ በራሱ ቋንቋ ሊቀርብለት ይገባል። ጥፋትህን አስቀድመህ እመን የሚለውን መስፈርት ግን ፈጽሞ አልቀበለውም። ኀላፊነቱ ገና ያጠራጠረን ሰው ኀላፊነቱን እንዲቀበል መጠየቅ ጥርጣሬውን በግድ መዝጋት ነው።

ከብሮዋርድ የምወስደው ነገር ቢኖር ዳኛዋ ተከሳሹን ደግማ ደጋግማ ማየቷን ነው። በእኛ ፍርድ ቤቶች ቀጠሮ የሕዝብ ምሬት ነው፤ ባለጉዳዩ ከካማሺ ወይም ከዳንጉር መጥቶ ሌላ ቀን ተባለ ማለት ገንዘቡም ጉልበቱም ባከነ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ተከሳሽ ግን ቀጠሮው ራሱ ፍትሕ ሊሆን ይችላል። ያው ዳኛ በወሩ ሲያየው፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው ሲለው፣ የነርሷን ማስታወሻ ሲያነብ፣ ለወንድሙም «መርፌው የት ነው የሚሰጠው?» ሲል በመዝገቡ ያለው ጥርጣሬ ወደ ዕውቀት እየተለወጠ ይሄዳል። አዲስ አዋጅ ሳይጠበቅ፣ አዲስ ሕንፃ ሳይሠራ፣ በአሶሳም ሆነ በግልገል በለስ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለእነዚህ መዝገቦች መመደብ ይቻላል። ለዚህ አርአያ አለን፤ ሕፃናት ተበዳዮችና ተከሳሾች በአገራችን የራሳቸው ችሎት ያገኙት ሕፃን እንደ አዋቂ ሊሰማ እንደማይገባው አምነን ነው፤ ያም የዳኞቹን የአጠያየቅ ልማድ ለውጦታል።

የምርመራው ትእዛዝ ሲጻፍም እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ተከሳሹ ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት በአሶሳ ሆስፒታል ወይም በፓዊ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ይየው። ትእዛዙ «አእምሮው ጤነኛ ነውን?» ብሎ በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ አያቅርብ፤ በድርጊቱ ጊዜ ስለነበረው ሁኔታ፣ ዛሬ ስላለበት፣ የሚያሻውም ሕክምና የት ሊገኝ እንደሚችል ይጠይቅ፤ ሕጉ ራሱ ከባለሙያው ስለ ሕክምናው መመሪያ ይጠብቃልና። አስተርጓሚው ማን እንደሆነ፣ ለተከሳሹም ምኑ እንደሆነ ይጻፍ። ሕጉ ዳኛው በተረጋገጠ ሳይንሳዊ ግኝት እንጂ ሐኪሙ ከዚያ በሚያወጣው የሕግ መደምደሚያ እንደማይገደድ ስለሚናገር፣ ደብዳቤው ሲመለስ ዳኛው ይመዝነው። በትእዛዙ ግርጌም ቁርጥ ያለ ቀን ይኑር፤ የሆስፒታሉ መልስ ቢደርስም ባይደርስም ተከሳሹ በዚያ ቀን ከማረሚያ ቤቱ መጥቶ በዚያው ዳኛ ፊት ይቁም።